ቅየሳ ለምትማረው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ቅየሳ ልትማሪ መመዝገብሽን ከሰማሁ ወዲህ በቀያሽነቱና በፖለቲከኛነቱ ስለሚታወቀው የምዕራብ አውስትራሊያ ሰው ስለ ጆን ፎረስት ሳነብ ከረምኩ። የተወለደው በ1847 እ.ኤ.አ. በንበሪ ከምትባል ከተማ አጠገብ ነው፤ ወላጆቹ ከስኮትላንድ በአገልጋይነት የመጡ ነበሩ። በ18 ዓመቱ የቅኝ ግዛቱ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ገባ።

በ1874 በምዕራቡ ጠረፍ ካለችው ከጄራልድተን ተነሥቶ በረሃውን አቋረጠ። ስድስት ሰዎችና 20 ፈረሶች ነበሩ፤ የምሥራቁ ቴሌግራፍ መስመር ጋ የደረሱት ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው። የዕለት መዝገቡን የሚጽፈው፣ ካርታውን የሚያነሣው ፎረስት ነበር። ቀድሞ እየሄደ ውሃ የሚፈልገው ግን የአገሩ ነባር ተወላጅ ቶሚ ዊንዲች ነበር። ውሃ ባይገኝ ካርታውም ባልኖረ። ዊንዲች በ1876 ኤስፐራንስ ላይ ሲሞት ፎረስትና ወንድሙ አሌክሳንደር የመቃብር ድንጋይ አቆሙለት። ባለውለታው መሆኑን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በ1883 የቀያሾች ሁሉ አለቃ፣ በ1890 ደግሞ የምዕራብ አውስትራሊያ የመጀመሪያው ፕሪሚየር (የመንግሥቱ መሪ) ሆነ። ጥማትን በእግሩ ያወቀ ሰው ስለነበር ይመስለኛል፣ 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተበድሮ እስከ ካልጉርሊ የወርቅ ማዕድን ድረስ 560 ኪሎ ሜትር ያህል የውሃ ቧንቧ ለመዘርጋት የደፈረው። ይህን አደንቅለታለሁ። ቧንቧው በ1903 ሲመረቅ ግን ሥራውን የነደፈው መሐንዲስ ኦኮነር በሕይወት አልነበረም።

የማልቀበለው የሚከተለውን ነው። የቅኝ ግዛቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 ለነባሩ ሕዝብ ደኅንነት በየዓመቱ 5,000 ፓውንድ፣ ገቢው ከ500,000 ፓውንድ ሲያልፍ ደግሞ ከመቶ አንድ እጅ እንዲመደብ ያዝዝ ነበር። ወርቁ ተገኝቶ ገቢው ሲያድግ የእነሱም ድርሻ ማደግ ነበረበት። የፎረስት መንግሥት ግን ተሟግቶ በ1897 አንቀጹን አሠረዘው። እንደ ዊንዲች ወደ ውሃ የመሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ፓርላማ ውስጥ የሚከራከርላቸው ወኪል አልነበራቸውም። ለአንድ ዊንዲች ድንጋይ አቁሞ ከወገኖቹ ሁሉ ድርሻቸውን መንሣት ክፉኛ ያሳዝነኛል።

ፎረስት ከ1901 ጀምሮ በመላው አውስትራሊያ ፌዴራል ፓርላማ ብዙ ጊዜ ሚኒስትር ሆኖ በ1918 ወደ ለንደን ሲጓዝ መርከብ ላይ ሞተ።

አስተማሪዎችሽ ፎረስትን ሲያነሡ ስለ ዊንዲችና ስለ አንቀጽ 70 ይናገሩ እንደሆነ ጠይቂና ጻፊልኝ። እናትሽ በጣም ናፍቃሻለች።

አባትሽ