ኮንፈረንስ ሲሰፋ ማካፈል ከመደመር ይቀድማል

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በስፖርት ገጻችሁ ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል የወጣው ጽሑፍ፣ ቢግ ቴንና ኤስኢሲ የተባሉት ኮንፈረንሶች (ዩኒቨርሲቲዎች አብረው የሚወዳደሩባቸውና የቴሌቪዥን መብታቸውን በጋራ የሚሸጡባቸው ማኅበራት) ወደፊት አባል ቢጨምሩ እነማን ይገባቸዋል ብሎ ዩኒቨርሲቲዎችን በደረጃ አስቀምጧል። መለኪያዎቹ የዋንጫ ብዛት፣ የስታዲየም ስፋትና የከተማ ሕዝብ ቁጥር ናቸው። ሦስቱም ዓይን ይስባሉ፤ ውሳኔው በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ ግን ቀድመው አይነሡም። እዚያ መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ይህ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ እያንዳንዱ ነባር አባል ከኮንፈረንሱ ገቢ የሚደርሰው ድርሻ ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ ይላል የሚለው ነው። (ዓመታቱም ቀናቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሌቱ ከባድ አይደለም። አሥር አባላት ያሉት ኮንፈረንስ ለእያንዳንዱ በዓመት 40 ሚሊዮን ዶላር ያከፋፍላል እንበል። ጠቅላላው 400 ሚሊዮን ነው። አዲሱ አባል 25 ሚሊዮን ይዞ ቢመጣ ድምሩ 425 ሚሊዮን ይሆናል፤ ዜናው ላይ ዕድገት ይመስላል። ለ11 ሲካፈል ግን ለአንዱ የሚደርሰው 38.6 ሚሊዮን ገደማ ነው። እያንዳንዱ ነባር አባል በዓመት 1.4 ሚሊዮን ያህል፣ በስድስት ዓመት ውል ደግሞ ከ8 ሚሊዮን በላይ ያጣል። እንጀራው ሳይጨመር እንግዳ ሲበዛ ቁራሹ ያንሳል። ስለዚህ ሙሉ ድርሻ ለሚጠይቅ አመልካች የመግቢያው ወለል የነባሩ ድርሻ ራሱ ነው፤ እሱን የማያመጣ ቡድን ዋንጫ ቢደረድርም ኪሳራ ነው።

ያ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ቴሌቪዥን የሚገዛው ቡድን ሳይሆን ጨዋታ ነው፤ ጨዋታም በሰዓት ይሸጣል። የቢግ ቴንን የአሁኑን ውል ተመልከቱ። በ2022 ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጣቢያዎች ጋር የተፈረመ፣ ሰባት ዓመት የሚቆይና ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ነው። በመሠረቱ ሦስት የቅዳሜ መስኮቶችን (የስርጭት ሰዓቶችን) ይሸጣል፤ እኩለ ቀን ለፎክስ፣ ከሰዓት በኋላ ለሲቢኤስ፣ ምሽት ለኤንቢሲ። በአንድ የውድድር ዘመን እነዚህ ዋና መስኮቶች ቢበዛ 40 ገደማ ናቸው። 18 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 9 የእርስ በርስ ጨዋታ ሲያደርጉ ደግሞ 81 ጨዋታ ይወጣል። ግማሽ ያህሉ ወደ ኬብል ጣቢያዎችና ወደ ኢንተርኔት ስርጭት ይወርዳል ማለት ነው። አዲስ አባል ዋጋ የሚኖረው ከ40ዎቹ መስኮቶች ውስጥ ደካማውን ጨዋታ አስወጥቶ ቦታውን በብዙ ተመልካች የሚይዝ ጨዋታ ካስገኘ ብቻ ነው። የ2023ቱን የሚሺጋንና የኦሃዮ ስቴት ግጥሚያ ከ19 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ከነባር አባል ጋር ማድረግ የሚችል አመልካች በጣት ይቆጠራል።

የከተማ ሕዝብ ቁጥር መለኪያ ከየት እንደመጣም ማወቅ ይጠቅማል፤ ባዶ አልነበረምና። በ1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ክስ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራውን የኤንሲኤኤን የቴሌቪዥን ሞኖፖል ካፈረሰ ወዲህ መብቱን ኮንፈረንሶች መሸጥ ጀመሩ። ቢግ ቴን በ2007 የራሱን ጣቢያ ሲከፍት አዲስ ገቢ መጣ፤ ጣቢያው በየአካባቢው የኬብል ጥቅል ውስጥ ሲገባ ፉትቦል የማያየውም ደንበኛ በየወሩ ይከፍላል። በኮንፈረንሱ ክልል ውስጥ ያለ ደንበኛ ክፍያ ደግሞ ከክልሉ ውጭ ካለው በብዙ ይበልጣል። ረትገርስና ሜሪላንድ በ2014 የገቡት በዚህ ሒሳብ ነው፤ አንዱ የኒውዮርክን ዙሪያ፣ ሌላው የዋሽንግተንንና የባልቲሞርን ቤቶች ወደ ክልሉ አስገባ። ያኔ ብልህ እርምጃ ነበር። ዛሬ ግን ኬብል የሚቆርጠው ሰው በዛ፤ ከፋዩም በአብዛኛው ማየት የሚፈልገው ሆነ። ትልቅ ከተማ ውስጥ መገኘት ብቻውን ገንዘብ መሆኑ አብቅቷል። በሕዝብ ቁጥር የተሠራው ደረጃችሁ አሥር ዓመት የዘገየ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው ውሉ ነው፤ ብዙ ተንታኝ የሚያልፈውም እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ የቴሌቪዥን ውል፣ አዲስ አባል ከትልቆቹ ኮንፈረንሶች ከመጣ ጣቢያው ለእሱም ሙሉ ድርሻ እንዲከፍል የሚያስገድድ አንቀጽ አለው። ይህ አንቀጽ ካለ ማካፈሉ አያስፈራም፤ ከሌለ ወጪው ሁሉ ከነባሮቹ ኪስ ነው። የምዕራብ ጠረፉን ኮንፈረንስ የፓክ-12ን መፍረስ ያለዚህ መረዳት አይቻልም። ቴክሳስና ኦክላሆማ በ2021 ወደ ኤስኢሲ እንደሚሄዱ ሲያስታውቁ የነበሩበት ኮንፈረንስ ቢግ-12 ተሰነጠቀ። ፓክ-12 ግን በዚያው ነሐሴ አባል አልጨምርም ብሎ በይፋ አሳወቀ። ቢግ-12 ብሪገም ያንግን፣ ሲንሲናቲን፣ ሂዩስተንንና ሴንትራል ፍሎሪዳን ጋበዘ። የፓክ-12 አባላት የነበሩት የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ በሰኔ 2022 ወደ ቢግ ቴን መሄዳቸውን ካስታወቁ በኋላ፣ በጥቅምት፣ ቢግ-12 ፓክ-12ን ቀድሞ ከስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር ውሉን አደሰ፤ ለአንድ አባል በአማካይ 31.7 ሚሊዮን ዶላር፣ ያ አንቀጽም ተጨምሮበት። ገበያው ውስጥ የነበረው ገንዘብ ከዚያ በኋላ ሳሳ። ለፓክ-12 በመጨረሻ የቀረበው የአፕል ሐሳብ በተመዝጋቢ ብዛት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በ2023 ክረምት ኮሎራዶ ወጣ፤ ነሐሴ 4 ቀን ደግሞ ኦሪገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ-12 ሄዱ። በሜዳ ላይ ድክመት አልነበረም። ዋሽንግተን በዚያው የውድድር ዘመን እስከ ብሔራዊው ፍጻሜ ድረስ ደርሷል።

ወለሉን የማይደርስ አመልካች ሌላ በር አለው፤ በቅናሽ መግባት። ኦሪገንና ዋሽንግተን በ30 ሚሊዮን ገደማ ጀምረው በየዓመቱ አንድ አንድ ሚሊዮን እየተጨመረላቸው እስከ ውሉ ማብቂያ ይቆያሉ። ኤሲሲ በተባለው የምሥራቅ ጠረፍ ኮንፈረንስ ውስጥ ደግሞ ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት 30 በመቶ ድርሻ ይወስዳሉ፤ የዳላሱ ኤስኤምዩ ለዘጠኝ ዓመት የቴሌቪዥን ገንዘብ ላለመቀበል ተስማማ። ኢኤስፒኤን በውሉ መሠረት ስለ ሦስቱም ስለሚከፍል፣ ከሦስት ድርሻ ከሁለት በላይ ለነባሮቹ ይተርፋል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። እንዲያም ሆኖ ከ15ቱ ድምፅ ሰጪዎች ክሌምሰን፣ ፍሎሪዳ ስቴትና ኖርዝ ካሮላይና ተቃውመዋል፤ የሚፈለገው የሦስት አራተኛ ድምፅ የተገኘው ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ሐሳቡን ስለቀየረ ነው። የቅናሹ ጣጣ የሚመጣው በሚገባው ዩኒቨርሲቲ ላይ ነው። ሀውስ በተባለው የተጫዋቾች ክስ በሰኔ 2025 ከጸደቀው ስምምነት ወዲህ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለተጫዋቾች በቀጥታ ገንዘብ ማካፈል ይችላል፤ ጣሪያው በ2025-26 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በየጊዜውም ከፍ እያለ ይሄዳል። ግማሽ ድርሻ የሚወስድና ሙሉ ድርሻ የሚወስድ ቡድን ግን ያንኑ ተጫዋች ነው የሚሻሙት። ኤስኤምዩ ጉድለቱን በለጋሾቹ ሸፍኗል፤ እንደዚያ ያለ ለጋሽ የሌለው ዩኒቨርሲቲ ይህን መንገድ ባይሞክረው ይሻላል።

ስለ መውጫ ዋጋ ጽሑፋችሁ ምንም አላለም። ክሌምሰንና ፍሎሪዳ ስቴት ዝርዝሩ አናት ላይ ተቀምጠው ሳለ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ሁለት ማሰሪያዎች አሉ፤ የመውጫ ክፍያና የስርጭት መብትን ለኮንፈረንሱ የሚያስረክበው ውል። ሁለተኛው ይከብዳል። ቡድኑ ቢሄድም በሜዳው የሚያደርጋቸው ጨዋታዎች መብት ከቀድሞው ኮንፈረንስ ጋር ከቀረ፣ አዲሱ ኮንፈረንስ የሚሸጠው ነገር አያገኝም። ሜሪላንድ ከኤሲሲ ሲወጣ 52 ሚሊዮን ተጠይቆ በ31.4 ሚሊዮን ተስማማ። ቴክሳስና ኦክላሆማ አንድ ዓመት ቀድመው ለመውጣት ብቻ በጋራ 100 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ። ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ የፓክ-12 የመብት ውል በ2024 እስኪያበቃ ጠብቀው ስለወጡ በዚህ አልተያዙም። የኤሲሲ ውል እስከ 2036 ነው። ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን ከሰሱ፤ በመጋቢት 2025 ታረቁ። በእርቁ መሠረት የሚወጣ አባል መብቱን ይዞ ይሄዳል፤ የሚከፍለው ዋጋ በየዓመቱ 18 ሚሊዮን እየቀነሰ በ2030-31 ወደ 75 ሚሊዮን ይወርዳል። የቴሌቪዥኑም ገንዘብ አብዛኛው በተመልካች ብዛት መከፋፈል ጀምሯል፤ ይህም ለመውጣት የሚገፋቸውን ምክንያት በመጠኑ ቀንሶታል።

ገንዘቡ ቢያዋጣም ፕሮግራሙ እንቢ ሊል ይችላል። 9 የኮንፈረንስ ጨዋታ እየተደረገ ሁሉም ቡድን ሁሉንም በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ይግጠም እንበል። 16 ቡድን ካለ እያንዳንዱ 15 ተጋጣሚ አለው። ሦስቱን ቋሚ ብታደርጓቸው 12 ይቀራሉ፤ በዓመት ስድስት ስድስት። ልክ ይመጣል። ኤስኢሲ ከ2026 ጀምሮ የመረጠው ይህንኑ ነው። 18 ሲሆን ልክ የሚመጣው አንድ ቋሚ ተጋጣሚ ብቻ ሲኖር ነው፤ የቆዩ ባላንጣዎች ያሉት ቡድን ይጎዳል። ቢግ ቴን ለዚህ ብሎ ቁጥሩን እኩል ማድረግ ትቶ፣ ለአዮዋ ሦስት የተጠበቁ ግጥሚያዎች ሲሰጥ ለፔን ስቴት አንድም አልሰጠም። 20 ላይ ሲደርስ 19 ተጋጣሚ በ18 ጨዋታ አይዳረስም፤ አለቀ። ካልተጋጠሙ ቡድኖች መካከል ማን ይበልጣል የሚለው ደግሞ በማወዳደሪያ ደንብ ይወሰናል። በ2025 ባለ 17 ቡድኑ ኤሲሲ ውስጥ አምስት ቡድኖች በ6 ድልና በ2 ሽንፈት ተስተካክለው ደንቡ ለፍጻሜ ያሳለፈው ዱክን ነበር። በመደበኛው ወቅት አምስት ጊዜ የተሸነፈው ዱክ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ ሻምፒዮኑ ግን ወደ 12ቱ ቡድኖች ብሔራዊ ውድድር አልገባም።

ጉዞን በተመለከተ ፉትቦል ራሱ ብዙም አይቸገርም፤ በዓመት አራት ወይም አምስት ጊዜ በኪራይ አውሮፕላን ሄዶ ይመለሳል። የሚጎዱት በሳምንቱ አጋማሽ የሚጫወቱት ቮሊቦል፣ ሶፍትቦልና የመሳሰሉት ናቸው። ከሎስ አንጀለስ እስከ ኒው ጀርሲ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማና የሦስት ሰዓት ልዩነት አለ። በዚህ ምክንያት ሩቅ ያለ አባል ብቻውን አይወሰድም፤ ጥንድ ሆኖ ከተወሰደ አንድ እንግዳ ቡድን በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ይገጥማል። ዌስት ቨርጂኒያ በ2012 ቢግ-12 ከገባ በኋላ ሲንሲናቲ በ2023 እስኪመጣ ድረስ ጎረቤት አልነበረውም። ያልታሰበ ወጪም አለ፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባለአደራዎች ዩሲኤልኤ ለበርክሊው እህት ካምፓስ በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወስነውበታል።

ለትንንሾቹ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሒሳብ አለ። የላይኛው ምድብ ኮንፈረንስ ቢያንስ 8 የፉትቦል አባላት ያስፈልጉታል። ሁለት ብቻ የቀሩት ፓክ-12 የሁለት ዓመት ጊዜ ተሰጥቶት ቦይዚ ስቴትን፣ ኮሎራዶ ስቴትን፣ ፍሬስኖ ስቴትን፣ ሳን ዲዬጎ ስቴትንና ዩታ ስቴትን አመጣ። ጎንዛጋም ገባ፤ ፉትቦል ስለሌለው ግን አይቆጠርም። ስምንተኛው ቴክሳስ ስቴት የመጣው በሰኔ 2025 የመጨረሻ ቀን ነው፤ አንድ ቀን ቢዘገይ የመውጫ ክፍያው ከ5 ወደ 10 ሚሊዮን ይዘል ነበር።

ታዲያ ማን ይጨመር? በእኔ ግምት በሙሉ ድርሻ ገብቶ ወለሉን ያለ ጥርጥር የሚያልፈው ኖትርዳም ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከ1991 ጀምሮ ከኤንቢሲ ጋር የራሱ ውል ስላለውና ስላደሰው አይቸኩልም። ኖርዝ ካሮላይና ለሁለቱም ኮንፈረንሶች አዲስ ግዛት ነው፤ በፉትቦል ተመልካች ግን ከክሌምሰንና ከፍሎሪዳ ስቴት ያንሳል። እነዚህ ሁለቱ ለኤስኢሲ አዲስ ግዛት አያመጡም፤ በኬብሉ ዘመን ይህ ይጥላቸው ነበር፣ በተመልካች ዘመን አይጥላቸውም። የሆነ ሆኖ የቢግ ቴን ውል የሚያበቃው በ2030፣ የቢግ-12 በ2031 ነው፤ የኤሲሲ መውጫ ዋጋም 75 ሚሊዮን ላይ የሚደርሰው በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት የሚወጣ የስም ዝርዝር ሁሉ፣ የእናንተንም ጨምሮ፣ አጠገቡ የመውጫውን ዋጋና የሚገባበትን ዓመት ቢጽፍ አንባቢ ይጠቀማል።

ከአክብሮት ጋር፣
የስፖርት ገጻችሁ ተከታታይ