ለካምፓችን አዛዥ፦ ማስታወቂያው ከአጥሩ ውስጥ፣ እኛ ከአጥሩ ውጭ

ክቡር አዛዥ፣

ሰላምታዬን ካምፑ ለአባላት ልጆች ስለሚሰጠው ሽልማት በጻፍኳቸው ማመልከቻዎች ላይ ጽፌ ጨርሻለሁ። «የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ» የሚለውን ከመዝገብ ቤት አስወጥተው ማንበብ ይችላሉ። ማኅተም ያረፈበት ኮፒ እኔም ጋ አለ። የሌለው መልሱ ነው። መጀመሪያ «ይታያል» ተባልኩ። ቀጥሎ «አለቃ ስብሰባ ናቸው» ተባልኩ። በመጨረሻ ደግሞ አንዱ ሹምዎ «ይሄ እኮ ትንሽ ነገር ነው፣ ምን ያካብድሻል?» አለኝ። እንግዲህ ትንሿን ነገር አደባባይ ላውጣት። ትንሽ መሆን አለመሆኗን ሰው ይፍረድ።

የካምፑን ስም አልጠራም። የባለቤቴንም አልጠራም፣ ለምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ሃምሳ አለቃ ነው፣ ግዳጅ ላይ ነው። ይሄ ይበቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ካምፑ ጥሩ ውጤት ያመጡ የአባላት ልጆችን ይሸልማል። ደግ ሥራ ነው፣ ማንም አይጠላውም። ልጄ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍልን ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ጨረሰች። ምዝገባ መኖሩን የሰማሁት ከጎረቤቴ ነው። የእሷ ባል እዚያው ካምፕ ውስጥ ስለሚሠራ ማታ ራት ላይ ነግሯት ነው። ማስታወቂያው የተለጠፈው ከዋናው በር ገባ ብሎ ባለው ሰሌዳ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ቤት ተከራይቼ የምኖር ሴት ነኝ። ያለ ጥሪ በሩን አላልፍም። ጥበቃው ልጅ ትሁት ነው፣ ግን ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ታዲያ ማስታወቂያው ለማን ነው የተለጠፈው? ካምፕ ውስጥ ውሎ ለሚያድረው። እሱማ ባይለጠፍለትም ይሰማል።

ካርዷን፣ የልደት ምስክር ወረቀቷን፣ የጋብቻ ወረቀታችንንና መታወቂያዬን በፌስታል አድርጌ ሄድኩ። በር ላይ ተጠርቶልኝ ገባሁ። መዝጋቢው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየ። ውጤቷ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ «ጎበዝ ናት» አለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ ቅጹን ወደ እኔ አዞረና ጣቱን ታችኛው መስመር ላይ አሳረፈ። «የአባሉ ፊርማ» ይላል።

«ባለቤትሽ ይምጣና ይፈርም።»

«ግዳጅ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ሲመለስ።»

«ምዝገባው ዓርብ ያበቃል ይላል እኮ።»

«እሱን እኔ አላወጣሁትም፣ እህቴ።»

«እኔ ልፈርም። እናቷ ነኝ።»

«አንቺ አባል አይደለሽም።»

ከኋላዬ የተሰለፉት አባቶች ነበሩ። ዩኒፎርም የለበሱ፣ እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው የሚያወጡ። አንዱ አዘነልኝ መሰለኝ «እኔ ልፈርምላት?» አለ። መዝጋቢው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሽልማቱ ከተሰጠ በኋላ ፎቶዎቹ በፌስቡክ ገጻችሁ ወጡ። ሁለተኛ የወጣችው የልጄ የክፍል ጓደኛ ቦርሳና የምስክር ወረቀት ይዛ ከእርስዎ ጎን ቆማለች። ያቺ ልጅ ምንም አላጠፋችም። ይገባታል፣ እኔም አቅፌ ስሜያታለሁ። የልጄን ጥያቄ መመለስ ግን አቃተኝ። «አባዬ እዚህ ቢሆን ኖሮ እሸለም ነበር?» አለችኝ። አዎ፣ ትሸለሚ ነበር። እውነቱ ይሄው ነው። አባትሽ ቢሮ ቁጭ ብሎ ቢውል ኖሮ ትሸለሚ ነበር፣ ግዳጅ ስለወጣ ቀረብሽ። ክቡር አዛዥ፣ ይህን ለስድስተኛ ክፍል ልጅ እርስዎ ያስረዱልኝ። እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ደግሞ የእኔ ልጅ ብቻ አይደለችም። በዚሁ ሰፈር ባሎቻቸው የወጡባቸው ሴቶች ሞልተናል። የቤተሰብ ቀን የጥሪ ካርድ በአባሉ እጅ ይሰጣል። የበዓል ዘይትና ዱቄት ሲመጣ ዝርዝሩ ላይ የሚፈርመው አባሉ ነው። የልጆች የክረምት ስፖርት ምዝገባም ያው ነው። የወጣው ሰው ቤተሰብ ከሁሉም ይቀራል። ለተቀመጠ የተሠራ አሠራር ነው። ከተቀመጠና ከዘመተ ቀድሞ ሊታሰብለት የሚገባው የማን ቤት እንደሆነ ለወታደር አይነገርም መቼም።

እንዳይመስልዎት፣ መልእክት ማድረስ ስትፈልጉ ታውቁበታላችሁ። ክረምት ችግኝ ሲተከል ገና ሳይነጋ ሞንታርቦ የጫነ መኪና በየመንደሩ ይዞራል። ጥቅምት 15 የሠራዊት ቀን ሲደርስ ድፎ ዳቦ እንድንጋግር በየቤታችን ሰው ይላካል። በስማችን፣ በየበራችን! ያኔ ማንም «አባል ነሽ ወይ?» ብሎ አይጠይቀንም። ዳቦው ላይ የባለቤቴን ፊርማ የጠየቀም የለም። ጋግረን እንሄዳለን፣ ነጭ ለብሰን ቡና እናፈላለን፣ ልጆቻችን ባንዲራ ይይዛሉ። በነጋታው ገጻችሁ ላይ «የሠራዊቱ ቤተሰቦች በዓሉን በድምቀት አከበሩ» ተብሎ ይወጣል። ከዚያ እስከ ሚቀጥለው በዓል ድረስ የሠራዊቱ ቤተሰቦች የሉም።

ገጹን ካነሳሁ አይቀር፣ እስቲ አንድ ቀን ቁጭ ብለው ይመልከቱት። እርስዎ ሲናገሩ። እንግዳ ሲቀበሉ። እንግዳ ሲሸኙ። ኬክ ሲቆርሱ። ፎቶው ጥሩ ነው፣ ካሜራውም ውድ ሳይሆን አይቀርም። ክሊኒኩ የቤተሰብ ሕክምና የሚሰጠው በየትኛው ቀን እንደሆነ ግን አያገኙበትም። የትምህርት ቤት ሰርቪሱ መቆሙን እኔ ያወቅኩት ልጄን ይዤ ጠዋት መንገድ ላይ ቆሜ ነው።

«ወታደራዊ ምስጢር» የሚል መልስም ተሰጥቶኛል። ኧረ በሕግ አምላክ! ባሌ የት እንዳለ ጠይቄ አላውቅም። የወታደር ሚስት የማይጠየቀውን ታውቃለች። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት የሰሜን ዕዝ ጉዳይ ሲፈነዳና ከትግራይ የስልክ መስመር ሲቋረጥ፣ እኛ እዚህ በፌስቡክ ወሬ እየተገላበጥን አንጀታችን ሲቃጠል ነው የከረምነው። አንዱ ሞተ ሲል ሌላው ተረፈ ይላል። ያኔም ምስጢር ነው ተባልን፣ ቻልነው። የልጆች ደብተርና ቦርሳ ግን የምን ምስጢር ነው?

ሕጉን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግን መዝጋቢዎ ስላልሰሙት ይሆናል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ጋብቻቸው ጸንቶ ያሉ እናትና አባት ለልጃቸው አሳዳሪና ሞግዚት የሚሆኑት በጋራ ነው ይላል። ልጄን ትምህርት ቤት ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። ሆስፒታል ስትገባ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቱም ሆስፒታሉም ተቀብለውኛል። አንድ ቦርሳና ጥቂት ደብተር ለመቀበል ሲሆን ነው ፊርማዬ የሚያንሰው? ይህች አገር እኮ ጥቅምት 2011 ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር የሾመች አገር ናት። ወይዘሮ አይሻ መሐመድ ለመላው ሠራዊት ጉዳይ ይፈርማሉ። በእናንተ ቅጽ ብቻ የሴት ፊርማ አያልፍም።

ሽልማቱ በምን መመሪያ እንደሚሰጥም በጽሑፍ ጠይቄ ነበር። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይስጥ ይላል። ሠላሳውም አለፈ፣ ክረምቱም አለፈ። ጠረጠርኩ። መመሪያ የሚባል ነገር ያለ አይመስለኝም። ያለው አንድ ሰው አንድ ቀን ኮምፒውተር ላይ የሠራው ቅጽ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ፎቶኮፒ እያደረገ ይገለገልበታል።

በካምፕ ኑሮ ላይ ትንሽ ላክል፣ «የሴቶች ጫጫታ» ተብሎ እንዳይታለፍ። ካምፕ ጠመንጃና ሰልፍ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አህመድ በክብር ዘበኛ መድረክ ላይ ያለፉ ናቸው። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴም የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ። ዛሬ በስታዲየም የምንጮህለት መቻል የሠራዊቱ ክለብ ነው፣ ሰማንያ ዓመቱን በ2016 አክብሯል። ይህ ሁሉ የወጣው ሰው ሰውን ከሚያገኝበት ክበብ፣ ከኳሱ፣ ከሙዚቃው ነው። እናንተ ጋ ያለው የልጆች ሜዳ ግን ለእንግዶች መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ይህንንም ጽፌ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ።

ሌላም ታሪክ አለ፣ ደስ የማይል። ጥር 1966 ነገሌ ቦረና ላይ የወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ተበላሸ። መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። አቤት ብለው ሰሚ አጡ። ቀጥሎ የሆነውን፣ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራል ወታደሮቹ ይዘው ያንኑ ምግብና ውኃ እንዳቀመሷቸው፣ እርስዎ በትምህርት ቤትዎ ተምረውታል። ማስፈራራቴ አይደለም። እኔ ፌስታል የያዘች ሴት ነኝ፣ ምን አስፈራለሁ። ግን ያም ነገር ሲጀመር «ትንሽ ነገር» ነበር።

የምፈልገውን ላሳጥረው። ሰሌዳውን ንቀሉና ከበሩ ውጭ ትከሉት፣ ሁለት እንጨትና ጥቂት ምስማር ነው። ለቤተሰብ የሚሆነውን ማስታወቂያ በዚያው ገጻችሁ ላይ ከኬኩ ፎቶ ቀጥሎ አውጡት። ቅጹ ላይ «የአባሉ ፊርማ» ከሚለው አጠገብ «ወይም የባለቤቱ» ብላችሁ ጨምሩ። በጀት አይጠይቅም፣ ከበላይ አካል ማስፈቀድም አያሻም። በእርስዎ አንድ ትእዛዝ ያልቃል።

ለልጄ ያን ቦርሳ አምጡልኝ አላልኩም። እኔው ገዝቼላታለሁ፣ ቀይ ነው፣ ወዳዋለች። ባይሆን ዜናችሁን አስተካክሉ። ገጻችሁ ላይ «ከየክፍላቸው ከፍተኛ ውጤት ያመጡ የአባላት ልጆች በሙሉ ተሸለሙ» የሚል ዜና ተለጥፏል። «በሙሉ» የሚለው ውሸት ነው። ወይ ዜናው ይታረም፣ ወይ የቀሩት ልጆች ይጠሩ። አባቶቻቸው የዘመቱባቸው ልጆች ስም ዝርዝር ከፈለጋችሁ እኛ እናቶች አዘጋጅተናል፣ እስከ ክፍላቸውና እስከ ውጤታቸው። ፈርመንበታልም።

ጥቅምት 15 ደግሞ እየደረሰ ነው። ዘንድሮም ድፎ ዳቦ ጋግሩ የሚል ሰው ትልካላችሁ። እንጋግራለን፣ በዓሉ የባሎቻችን ነው። ግን የምትልኩት ሰው የሚቀጥለውን ምዝገባ ቀንና አዲሱን ቅጽ ይዞ ይምጣ። ባዶ እጁን ከመጣ እኔ በበኩሌ በሩን አልከፍትለትም።

የሃምሳ አለቃው ባለቤት
ከአጥሩ ውጭ