ሌንሱ ስለተንኳኳ አልተሰበረም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ «ያገለገለ ሌንስ ገዝቼ ተታለልኩ» ሲል የጻፈውን አነበብኩ። ሌንሱ ሲወዘወዝ ውስጡ ኳ ኳ ይላል፤ ሊያነሣበት ሲል ያጉረመርማል፤ ፎከስም አልይዝ ይላል። ጎንደር ውስጥ ሠርግና ክርስትና ማንሣት ከጀመርኩ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ልጁ ተታልሎ ይሆናል፤ ከቆጠራቸው ሦስት ነገሮች ሁለቱ ግን ጤነኛ ሌንስም ላይ ያሉ ናቸው።

ካኖን «አይኤስ»፣ ኒኮን «ቪአር» የሚሉት መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ሌንስ በውስጡ የሚንሸራተት ብርጭቆ አለው። እጃችን ሲንቀጠቀጥ ሌንሱ ይህንን ለክቶ ብርጭቆውን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። ካሜራው ሲጠፋ ያ ብርጭቆ በብዙ ሌንሶች ላይ ትንሽ ስለሚላወስ ይንኳኳል። ማጉረምረሙም መዝጊያውን በግማሽ ስንጫን የሚሠራው ሞተር ድምፅ ነው። ድምፁ እስኪረጋ አንድ አፍታ መታገሥ ደግ ነው።

እኔም ብሆን ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ካኖን በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 75-300 ሚሊ ሜትር አይኤስ ሌንስ፣ የዓይነቱ ቀዳሚ፣ ያገለገለ ሆኖ እጄ ገባ። በጥምቀት ገና ሳይነጋ ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ትሪፖድ ተክዬ፣ አንድ አንድ ሰከንድ እየሰጠሁ ሻማዎቹን አነሣሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው እያንዳንዱ ሻማ መንታ ሆኗል። ትሪፖዱን ረገምኩ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር፤ የቆዩት ሌንሶች ትሪፖድ ላይ መሆናቸውን ስለማያውቁ የሌለ መንቀጥቀጥ ያሳድዳሉ። የመንቀጥቀጥ ማረጊያውን ማጥፋት ነበረብኝ።

ደግሞም ይህ መሣሪያ የሚያረጋው የአንሺውን እጅ እንጂ የእስክስታን ትከሻ አይደለም። በ1/15 ሰከንድ ግድግዳው ጥርት ይላል፣ ሙሽሪት ግን ጭስ ትሆናለች። ለጭፈራ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርጎ 1/250 ሰከንድ መድረስ ነው።

ወደ ፎከሱ ልምጣ፤ የልጁ ቅሬታ ሚዛን የሚደፋው እዚህ ላይ ነው። አውቶ ፎከስ የሚይዘው የጨለማና የብርሃን ልዩነት ያለበትን ቦታ ነው። ነጭ ነጠላ መሐል ላይ ካነጣጠሩበት ሌንሱ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ይኖራል፤ ነጥቡን ጥለቱ ላይ ሲያሳርፉት ወዲያው ይይዛል። ከ1.5 ሜትር ቀርቦ በእኔው 75-300 ማንሣትም ከንቱ ድካም ነው። ከሌንሱ ጎን ያለችው ማብሪያ ከቦርሳ ሲወጣ ተነክታ ፎከስ በእጅ ብቻ ወደሚደረግበት «ኤምኤፍ» ሄዳ እንደሆነም ይይ። አንድ ጊዜ ጠጋኝ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ብሎኝ ዋጋ እስከ መቁረጥ ደርሶ ነበር። በኋላ ካሜራውን አጥፍቼ፣ ሌንሱን አውልቄ፣ ወርቃማዎቹን የመገናኛ ነጥቦች በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ስጠርጋቸው ጨርቁ ላይ የወጣው የሠርግ ቤት ቅባት ነበር። ሌንሱ ዛሬም ይሠራል።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ጋዜጣችሁን ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ። ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አድርጎ፣ ማረጊያውን አጥፍቶ፣ ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ወደ ገጹ አዘንብሎ አንድ መስመር ላይ ፎከስ ያድርግ። መጀመሪያ በዓይን ማያው፣ ቀጥሎ በኋላው ስክሪን ያንሣ። የስክሪኑ ጠርቶ የዓይን ማያው ሁለት መስመር ከፊት ወይም ከኋላ ከያዘ፣ ካሜራውና ሌንሱ አልተስማሙም ማለት ነው። እንደ ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ያሉት ይህን በራሳቸው ማውጫ ያስተካክላሉ፤ ለሌሎቹ ባለሙያ ያስፈልጋል። ሁለቱም ከደበዘዙ ግን ሌንሱን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ያኔ ሁለቱን ፎቶዎች ይዞ ሻጩ ዘንድ ይሂድ። ኳኳታውን ግን አያንሣበት፤ ሻጩ ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ይስቅበታል።

አክባሪያችሁ
የሠርግ ፎቶ አንሺ፣ ከጎንደር