ለአባቴ፦ በበረዶ ላይ ስለሚቆም አውሮፕላን

ዴንቨር፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣ ጎንደር

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጥምቀትን በፋሲል መዋኛ በሰላም አክብራችሁ መግባታችሁን ከእናቴ ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

በቀደም «ለመሆኑ ያ ሁሉ ብረት በበረዶ ላይ ሲቆም ፍሬኑ ይይዘዋል ወይ?» ብለው የጠየቁኝ በስልክ የሚያልቅ ባለመሆኑ በጽሑፍ ልመልስልዎ ወደድሁ። ዕድሜዎን በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ከነተሳቢው ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ሾፌር ስለሆኑ፣ ነገሩን ከብዙ ባልደረቦቼ ይልቅ እርስዎ እንደሚረዱት አምናለሁ።

ፍሬኑ ጎማውን ይይዛል፤ ጎማውን መሬቱ ካልያዘው ግን የፍሬኑ መያዝ ዋጋ የለውም። እዚህ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ በብዛት የምናስተናግደው ቦይንግ 737 ባዶውን ከ40 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ይህ ሁሉ ክብደት መሬት የሚነካው በ6 ጎማዎች ብቻ ነው፤ ቁመታሙ ጭራው ደግሞ ነፋስ ይሰበስባል። ስለዚህ ፍሬኑ ተይዞ፣ ታኮ ተደርጎለት የቆመ አውሮፕላን ነፋስ ሲገፋው ከነታኮው ሊንሸራተት ይችላል። ለዚህም ነው ታኮ ከማድረጋችን በፊት ጎማው የሚያርፍበትን ቦታ እስከ ንጣፉ ድረስ የምንጠርገው። አሸዋ የምንበትነው ቆጥበን ነው፤ ሞተር ስቦ ካስገባው ይጎዳዋልና። ጨውማ ጭራሽ አይታሰብም፤ የአውሮፕላኑን አሉሚኒየም ስለሚበላ በእሱ ፈንታ እንደ ፖታሲየም አሲቴት ያለ ማቅለጫ እንጠቀማለን።

ከተማችን ጎንደር በከፍታ ዴንቨርን ብትበልጣትም የእኛን ብርድ አታውቀውም፤ እናቴም ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ ስለ ብርዱ ነው። እኔን ግን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የወረደ ሌሊት ያን ያህል አያሰጋኝም፤ የምፈራው ቅዝቃዜው ዜሮ አካባቢ የሚዋልልበትን ቀን ነው። በጣም የቀዘቀዘ በረዶ ደረቅ ስለሆነ ጫማም ጎማም ጥቂት ይቆነጥጠዋል፤ ቀን ፀሐይ አቅልጣው ማታ ተመልሶ የረጋው፣ ላዩ ላይ ስስ ውሃ ያዘለው ግን ምንም አያስይዝም፤ እርጥብ አስፋልት መስሎ ስለሚታይም ሰው ሳያስበው ይረግጠዋል። በእንዲህ ያለ ቀን እጃችንን ኪስ ሳንከት፣ በአጭር እርምጃ፣ ሙሉ እግራችንን እያሳረፍን እንሄዳለን። ከጫማችን ሥር የብረት ጥርስ ያለው ላስቲክ እናስራለን፤ የአውሮፕላኑን ደረጃ ስንወጣ ግን እናወልቀዋለን፤ በረዶውን የሚቆነጥጠው ያው ጥርስ በብረት ደረጃ ላይ ራሱ ይጥላልና።

ከሁሉ የሚከፋው አውሮፕላኑን ተሳፋሪ ከሚሳፈርበት በር ወደ ኋላ ገፍቶ ማስወጣቱ ነው። የገፊው ተሽከርካሪ ጎማ ባለበት ሲሽከረከር ማየቱ ብዙም አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው አውሮፕላኑ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ተሽከርካሪው ማቆም ሲያቅተው ነው። ቁልቁለት ላይ ተሳቢ መኪናውን እንደሚያጥፈው ሁሉ፣ አውሮፕላኑም ገፊውን አዙሮ ያጥፈዋል። እኔ የምቆመው ክንፉ ጫፍ አጠገብ ነው፤ በእጄ የያዝኋቸውን ሁለት መብራቶች ከራሴ በላይ አጣምሬ ካሳየሁ ሾፌሩ ለምን ሳይል ማቆም አለበት። ሥራውን የወደድሁት በዚህ ነው፤ ትንሹ ሠራተኛ ትልቁን አውሮፕላን ማስቆም ይችላል።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1982 ዋሽንግተን ላይ የሆነውን በሥልጠናችን ተምረነዋል። የኤር ፍሎሪዳን አውሮፕላን የሚገፋው ተሽከርካሪ ጎማው ላይ ሰንሰለት ስላልነበረው በረዶው ላይ ተንሸራተተ፤ አብራሪዎቹም በሞተሩ የኋልዮሽ ግፊት ለመውጣት ሞከሩ፤ አልሆነም። ሰንሰለት ያለው ሌላ ተሽከርካሪ መጥቶ ቢያስወጣቸውም፣ ተራ ሲጠብቁ በረዶው ክንፉ ላይ እንደገና ተከማቸ፤ የሞተሩን በረዶ መከላከያም ሳይከፍቱ ተነሡ። አውሮፕላኑ የፖቶማክን ወንዝ ድልድይ መትቶ ወደቀና 78 ሰዎች ሞቱ። መንሥኤው ገፊው ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ይሁንና እኔ ያን ቀን ገና ከበሩ ላይ መቆም ነበረባቸው ባይ ነኝ።

ዛሬ ክንፉ ላይ በመጀመሪያ ብርቱካናማ ቀለም ያለው የጋለ ፈሳሽ ተረጭቶ በረዶውን ያነሣል፤ ከዚያ አረንጓዴና ወፍራም የሆነው ተቀብቶ ለተወሰነ ጊዜ ይከላከላል። ጊዜው እንደ በረዶው ዓይነትና መጠን በደቂቃ ይቆጠራል፤ ካለፈ ክንፉ እንደገና ይፈተሻል ወይም እንደገና ይረጫል። ተሳፋሪው ሲዘገይ ቢበሳጭ አልፈርድበትም፤ ከመስኮቱ የሚያየው ፈሳሹን እንጂ ሰዓቱን አይደለም።

ወንድሜ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ስለሆነ እ.ኤ.አ. የ1958ቱን የሙኒክ አደጋ ሳያጫውትዎ አልቀረም። 8 ተጫዋቾችን ጨምሮ 23 ሰዎች የሞቱበት ያ አደጋ መጀመሪያ ላይ ክንፍ ላይ በነበረ በረዶ ተመካኝቶ ጥፋቱ በካፒቴኑ ላይ ተጥሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የእንግሊዝ መርማሪዎች ነጻ አወጡት። ጥፋተኛው ማኮብኮቢያው ላይ የተኛው ከፊል የቀለጠ በረዶ ነበር፤ አውሮፕላኑ 117 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ከደረሰ በኋላ ጎማውን ይዞ ፍጥነቱን ወደ 105 ኖት አወረደው። አሁን ማኮብኮቢያው በሦስት ተከፍሎ ለየሲሶው ከ6 እስከ 0 ቁጥር ይሰጠዋል፤ 6 ደረቅ ነው፣ 0 ከተባለ ተጠርጎ እስኪስተካከል ማንም አይነሣበትም፣ አያርፍበትም። አብራሪው ከማረፉ በፊት ሦስቱንም ቁጥሮች ይሰማል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በዓለም ሁሉ እንዲሠራበት ተደርጓል።

የሌሊት ተራዬ እስከ የካቲት መጨረሻ ይዘልቃል። በእናንተ ከሰዓት በኋላ ደውለው ባላነሣ፣ አውሮፕላኑ አጠገብ ስልክ መያዝ ስለተከለከለ መሆኑን አውቀው እንዳይሠጉብኝ አደራ እላለሁ፤ ከሥራ እንደወጣሁ እደውላለሁ። እናቴንና ጎረቤቶቻችንን በሙሉ ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ