ለሜሮን፣ ስለዚያ ማመልከቻ

ይድረስ ለልጄ ለሜሮን፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል።

እሁድ ስትደውዪ «አባዬ፣ እዚህ ሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ጥላቻንና ጥቃትን የሚከላከለው ኮሚቴ በጎ ፈቃደኛ አባላት ይፈልጋል፤ ላመልክት ወይስ ይቅርብኝ?» አልሽኝ። ዝም ያልኩት በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው።

የሙሉጌታ ሥራውን ስም እየሰማሽ ነው ያደግሽው። ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1988፣ ሌሊት እዚሁ ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ቤቱ ሲመለስ የነጭ የበላይነትን የሚሰብኩ ሦስት ወጣቶች ደጁ ላይ አገኙት። አንዱ በቤዝቦል ዱላ ገደለው። ዕድሜው 28 ነበር። በፈረንጆቹ 1990 የሕዝብ ዳኞቹ (ጁሪው) እነዚያን ልጆች አነሳስተዋል የተባሉት ቶም ሜትዝገር፣ ልጁና ድርጅታቸው ከገዳዮቹ ጋር 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ሲወስኑ ተቃቅፈን አለቀስን። ይህን ሁሉ ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ ግን አለ።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ አንድ ሰው መረዳጃ ማኅበራችን ስብሰባ መጣና፣ ከተማውን ስለ ሰዎች አብሮ መኖር በሚያማክረው ኮሚሽን ከእናንተ ወገን የሚቀመጥ ሰው ብናገኝ አለን። ተያየን። አንዱ «እሱ ኮሌጅ ገብቷል» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። እኔ ጫማዬን አየሁ። የሌሊት ፈረቃ አለብኝ አልኩ፤ እውነት ነበር። እንግሊዝኛዬ አይረባም አልኩ፤ እሱ ግማሽ እውነት ነው። ፈርቼ ነበር፤ ይህንን አልተናገርኩም። ከእኛ ማንም ሳይሄድ ቀረ።

እንግዲህ ወደ አንቺ ጉዳይ። ኮሚቴው ይመክራል እንጂ አይፈርድም፣ ማንንም አያስርም። ደሞዝም የለውም። አብዛኛው ምሽት አሰልቺ እንደሚሆን ከአሁኑ እወቂ። እኔ የመረዳጃ ማኅበሩን ቃለ ጉባኤ 11 ዓመት የጻፍኩ ሰው ነኝ፤ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተብሎ ስንት ቀን ሻይ ጠጥተን እንደተበተንን እኔ ነኝ የማውቀው። ለትልቅ ንግግር ከሆነ የምትሄጂው፣ ይቅርብሽ።

አንቺን የሚፈልግሽ ሌላ ነገር ነው። የእኛ ሰው በደል ሲደርስበት አያመለክትም። ባለፈው ዓመት አንቺ ዘንድ ስመጣ ከላይኛው ፎቅ ያሉትን እማማ አስታውሺ። ቡና በቆሉ ቁጥር ጎረቤት በሩን ይደበድባል፣ «ወደ አገርሽ ሂጂ» የሚል ወረቀት በበሩ ሥር ያስገባል። ወረቀቶቹን ምን አደረጓቸው ብለሽ ስትጠይቂያቸው «ቀድጄ ጣልኳቸው፣ ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ» አሉሽ። ለእግዜር የተሰጠ ነገር የካውንቲው መዝገብ ላይ አይገኝም። የቡናው ጭስ ነገር እንኳ ጎረቤትና ጎረቤት ተነጋግሮ የሚያልቅ ነው፤ ወረቀቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የጥላቻ ጥቃት ንብረቱን ላበላሸበት ሰው መጠገኛ የሚሰጥ ፈንድ በካውንቲው እንዳለ እማማ በምን ያውቃሉ? አንቺ ራስሽ ያወቅሽው ማስታወቂያውን ስታነቢ ነው።

ታዲያ ማመልከቻው ላይ «የኢትዮጵያውያን ተወካይ» ብለሽ አትጻፊ። ይህን ስል አጎትሽ ይቆጣኛል፤ ይቆጣ። የእኛ ጉዳይ ሲነሳ ብቻ እጅሽን የምታወጪ ከሆነ፣ የሳልቫዶሩ ወይም የአይሁዱ ሰው ጉዳይ ሲነሳ ስልክሽን የምታዪ ከሆነ፣ በሦስተኛው ስብሰባ ማንም አይሰማሽም። ይልቅ የምትችዪውን ጻፊ። አማርኛ እንደምትናገሪ፣ እንደምታነቢ፣ በሥራሽም በየቀኑ ለሰው ስታስተረጉሚ እንደምትውዪ። እማማ ለካውንቲው የማይናገሩትን ለአንቺ ይናገራሉ፤ ይህን ማንም ቃለ መጠይቅ አድራጊ ይረዳዋል።

ትናንት ከሐኪም ስመለስ በ31ኛው መንገድና በፓይን ጥግ በኩል አለፍኩ። ከመንገዱ ስም በላይ በፈረንጆቹ 2018፣ በሠላሳኛ ዓመቱ የተሰቀለው የሙሉጌታ ምልክት አሁንም አለ። መኪናዬን አቁሜ ትንሽ ቆየሁ፤ ኋላዬ ያለው ሰው ጥሩምባ ሲነፋብኝ ሄድኩ።

ማመልከቻውን ከመላክሽ በፊት ለእኔ ላኪልኝ፤ እንግሊዝኛውን ባላርመውም አነባለሁ። እናትሽ በርበሬና ሽሮ ሐሙስ በፖስታ ልካለች፤ ከሽሮው ትንሽ ለእማማ አድርሺላቸው ብላለች።

አባትሽ