ደብዳቤ ለልጄ፦ ጉርሻን በቀን አትቀስቅሺው

ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላው ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው።

አክስትሽ ትናንት ደውላ ነበር። ባቡር ላይ እንቅልፍ ወስዶሽ ትምህርት ቤትሽን አልፈሽ፣ ሞል ኦፍ አሜሪካ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ቀስቅሶ እንዳወረደሽ ነገረችን። እናትሽ "አሟት ነው፣ ደብቃኝ ነው" ብላ ቤቱን አተራመሰችው። ጉዳዩ የወጣው ቆይቶ ነው። ለካ እንቅልፍ የነሳሽ ጉርሻ፣ ያ አይጥ መሳይ ሃምስተርሽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ መሽከርከሪያው ላይ ሲሮጥ፣ የቤቱን ሽቦ ሲያኝክ ያድራል አሉ። ይኼ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። አክስትሽ ግን አንድ ነገር ጨመረች፦ "ቀን ቀን እየቀሰቀስኩ ማታ እንዲተኛ አስለምደዋለሁ ብላለች።"

ተይ ልጄ። በቀን አትቀስቅሺው።

እናትሽ እስካሁን "ያ አይጥ" ነው የምትለው። እኔ ግን ሰመር ላይ አደራ ብለሽን ስትሄጂ ከሱ ጋር የከረምኩት እኔ ነኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሥራ ስገባ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ እሱ ብቻ ነቅቶ አገኘዋለሁ። ሻይ አፍልቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። እሱ የሱፍ ፍሬውን አንድ በአንድ እያነሳ ጉንጩ ውስጥ ይከታል። ጉንጩ እስከ ትከሻው ድረስ ይነፋል። ስሙን ለምን ጉርሻ እንዳልሽው የገባኝ ያኔ ነው። ታዲያ አይበላውም እኮ! ሄዶ ጥጉ ጋ በሁለት እጁ ጉንጩን እየገፋ ያራግፈውና ንጣፉን አልብሶት ይመለሳል። አሁን ስለዚህ ፍጥረት የምነግርሽ ከወሬ አይደለም።

ሃምስተር የሌሊት ነው። በቁጣም በልምምድም አይቀየርም። ቀን ብትቀሰቅሺው ማታ ይተኛልኛል ብለሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ማታም ይሮጣል፣ ያውም ተናዶ። ከእንቅልፉ ደንግጦ የተነሳ ሃምስተር ደግሞ ይናከሳል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የያዘው ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ነው።

ቀን ተኝቶ መቀስቀስ ምን እንደሆነ እኔን ጠይቂኝ። አንቺ አታስታውሺውም፣ ገና እግር ማውጣትሽ ነበር። ዋሽንግተን መሀል ከተማ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ከማታ አራት ሰዓት እስከ ንጋት እሠራ ነበር። ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ነው። እናትሽ መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቅላ ቀኑን ሌሊት ታደርግልኛለች፤ እናንተን ይዛ ደግሞ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ታጫውታችኋለች። አንድ ቀን በር ተንኳኳ። ብድግ ስል ክፍሉ ጨለማ ነው። ሥራ ረፈደብኝ ብዬ የሥራ ጃኬቴን ደርቤ፣ ጫማዬን ሳላስር ሮጥኩ። ውጭ ስወጣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ነጠላ የለበሱ የሰፈራችን እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አዩኝና "ምነው፣ እሑድም ትሠራለህ እንዴ?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። ቀኑም ሰዓቱም ያለሁበት አገርም ጠፍቶብኝ መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ።

በዚያ ጊዜ አንቺን የማውቅሽ ተኝተሽ ነው። ስገባ ተኝተሻል። ስትነሺ እኔ እተኛለሁ። ሲመሽ ጉንጭሽን ስሜ እወጣለሁ። ቁመትሽን የምለካው በአልጋሽ ነበር፤ እግርሽ የት እንደደረሰ እያየሁ። አንድ ሌሊት ያቺ ነጭ ብርድ ልብስሽ አጥራሽ የእግርሽ ጣቶች ውጭ ቀርተው አየሁ። ሸፈንኩልሽ፤ መልሰሽ አወጣሻቸው። እናትሽ "ዛሬ እንዲህ አለች፣ ዛሬ እንዲህ አደረገች" እያለች ታወራልኛለች። እኔ የልጅነትሽን ወሬ ነው የሰማሁት። ይኼ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሌላ ሥራ አልነበረም፣ ግን ይቆጨኛል።

ከምን ወደ ምን ገባሁ! ስለ ጉርሻ ነበር የምነግርሽ።

አሁን ስሚኝ። መጀመሪያ መሽከርከሪያውን እዪ። ሲሮጥ ጀርባው ወደ ኋላ ከተቆለመመ ጠቦታል ማለት ነው። ለሱ ዘር 11 ወይም 12 ኢንች ያስፈልገዋል። መርገጫው የሽቦ ርብራብ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ጣይው፣ እግሩ ገብቶ ይሰበራል። ድፍን የሆነውንና ድምፅ የለውም ተብሎ የሚሸጠውን ግዢ። እስክትገዢ ድረስ የሚዞርበት ብረት ላይ በጥጥ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ንኪበት። ለበር ማጠፊያ የሚረጨውን የቆርቆሮ ዘይት እንዳታስጠጊው፣ ይልሰዋል።

የጉርሻን ቤት ከኮመዲኖው ላይ አውርጂ። ባዶ እንጨት ላይ ሲቀመጥ እንደ ከበሮ ነው የሚያስተጋባው። ወፍራም ፎጣ አጥፈሽ ከስር አንጥፊለት። የውኃ ጠርሙሷም አፏ ላይ ያለችው ኳስ ሌሊቱን ቀጭ ቀጭ ትላለች። በሷ ፈንታ ጎድጎድ ያላለች፣ ከበድ ያለች የሸክላ ሳህን አድርጊለት። ሰመር ላይ እንዲያ አድርጌ እናትሽ እንኳን "አይጡ ሞተ እንዴ?" ብላኛለች።

ሽቦ ማኘኩ ግን ሌላ ነገር ነው። ቤቱ ጠቦታል። ሲያኝክ ተነስተሽ ምግብ የምትሰጪው ከሆነ ደግሞ አስተማርሽው፤ ባኘክ ትመጣለች ብሎ ይይዘዋል። ምግቡን ከመተኛትሽ በፊት ንጣፉ ውስጥ በትኚለትና ሲፈልግ ይቆይ። ለቤቱ የዓሣ ገንዳ ይሻላል፣ የሚታኘክ ሽቦ የለውም። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ ግማሽ ሜትር ይሁን። ያገለገለ ግዢ፣ አዲሱ ውድ ነው። ክዳኑ አየር የሚያስገባ ወንፊት ይሁን። የወረቀት ንጣፍ ቢያንስ አንድ ስንዝር ሙዪበት። የጽድ ፍቅፋቂ አይሆንም፣ ሽታው ሳንባውን ይጎዳዋል። ጥጥ የመሰለውን መኝታም ተዪው፣ እግሩ ላይ ይጠመጠማል። ሽንት ቤት ወረቀት ቀደድ ቀደድ አድርገሽ ስጪው፣ ራሱ ያነጥፋል።

ስንዝር ያልኩት ለቀልድ አይደለም። በ1930 እ.ኤ.አ. የኢየሩሳሌሙ ሂብሩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እስራኤል አሃሮኒ ሶርያ ውስጥ አሌፖ አጠገብ አንዲት እናት ሃምስተር ከነልጆቿ ከእርሻ መሬት ሥር ተቆፍረው ወጡለት። ዛሬ በየሰዉ ቤት ያሉት ወርቃማ ሃምስተሮች ባመዛኙ የነዚያ ዘሮች ናቸው። የጉርሻ አያቶች የጉድጓድ ሰዎች ነበሩ። የሚቆፍረው ካገኘ ሽቦውን ይረሳዋል። እንደኛው ከሩቅ የመጣ ነው ብዬ ለእናትሽ ብነግራት "እና ቪዛ ማን ሰጠው?" አለችኝ።

መታጠቢያ ቤት ልከተው ብለሽ እንደነበርም ሰምቻለሁ። አይሆንም! እርጥበትና የሳሙና ሽታ ያሳምመዋል። ቁም ሳጥንም አይሆንም፣ አየር የለውም። መስኮት ሥርም እንዳታስቀምጪው፣ የሚኒሶታ ብርድ ምን እንደሆነ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። በጣም ሲበርደው ድርቅ ብሎ ይተኛል፣ ትንፋሹ አይታይም። ሞተ ብለሽ እንዳትቀብሪው! ቀስ ብለሽ ክፍሉን አሙቂለት፣ ከዚያ ሐኪም ጋ ደውዪ። በቀን መቀስቀስ የሚፈቀድልሽ ያን ጊዜ ብቻ ነው። በሌላ ጊዜ አትንኪው አልኩ።

ደግሞ ሁሉን በሱ አታላክኪ። አክስትሽ ሌላም ነግራናለች። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ ስልክ ይዘሽ የምታመሺው ጉርሻ ነው የሚያስገድድሽ? ፈተናሽ ደርሷል። ነርስ ልትሆኚ ነው፣ ነገ የሰው ነፍስ እጅሽ ላይ ይወድቃል። ስልክሽን ኩሽና አስቀምጪና ተኚ። የጆሮ መድፈኛ ግዢ፣ ርካሽ ነው። ትንሽ ፋን ብትከፍቺም ድምፁ ይሸፍንልሻል። የጉርሻን ቤት ሳሎን ማድረግ ከቻልሽ አብራሽ የምትኖረውን ልጅ በትህትና ለምኛት፣ እምቢ ካለች አትጣዪያት።

ማጫወት ካማረሽ ሲመሽ ራሱ ሲወጣ ጠብቂው። እጅሽ ላይ የሱፍ ፍሬ ያዢና ዝም በዪ፣ ይመጣል። እኔ ጋ እንዲያ ነው የለመደው። ይኼ ፍጥረት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው የሚኖረው። ያለችውን ቀን ተኝቶ ያሳልፋት፣ አትቀስቅሺብኝ።

ለመሽከርከሪያውና ለገንዳው ገንዘብ በዜል ልኬልሻለሁ። ለሌላ እንዳታደርጊው፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ቅዳሜ የአክስትሽ ልጅ በመኪናው ይዞሽ ይሄዳል፣ ሲደውል ስልክሽን አንሺ።

አባትሽ

እናትሽ ይኼንንም ጻፍ አለችኝ፦ በርበሬና ሽሮ በፖስታ ልካለች፣ በሳምንቱ መጨረሻ ይደርስሻል። በርበሬውን ክዳን ባለው ነገር ውስጥ ክተችው። "ያ አይጥ ጉንጩ ውስጥ ቢከተው እኔ የለሁበትም" ብላለች።