ፕላዝማ ቅየራ ለምትጀምሩ

ውድ አባላት፣ ሰሞኑን ፕላዝማ ቅየራ የታዘዘላችሁ ስላላችሁ ይቺን ልበል። ማሽኑ ደማችሁን በቱቦ ይወስዳል፣ ቢጫውን ፈሳሽ (ፕላዝማውን) ለይቶ ያስቀራል፣ የደም ሴሎቹን ደግሞ አልቡሚን ከሚባል የፕሮቲን ፈሳሽ ጋር ይመልሳል። በጊላን ባሬም (ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) ሆነ በማያስቴኒያ ግራቪስ (ጡንቻን የሚያደክም ሕመም) ጉዳት የሚያደርሱት አንቲቦዲዎች፣ ማለትም የራሳችንን አካል የሚያጠቁ የመከላከያ ፕሮቲኖች፣ ያሉት እዚያ ቢጫው ውስጥ ነው። ቲቲፒ (በትንንሽ የደም ሥሮች ውስጥ ደም የሚያረጋ ሕመም) ላለባችሁ ግን ምትኩ የለጋሽ ፕላዝማ ነው።

አንዱ ዙር ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። ሽንት ቤት ቀድማችሁ ሂዱ፤ ቀልዴን አይደለም! ከንፈራችሁን ነዘር ነዘር ካደረጋችሁ ዝም አትበሉ። አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ቀንሶ ነው፤ ለነርሷ ወዲያው ንገሯት።

እንደ ኢናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ከቀጠሮው በፊት ለሐኪማችሁ አሳውቁ። ሌሎች መድኃኒቶቻችሁንም በራሳችሁ አታቁሙ፤ ፕላዝማው ቢቀየርም ሰውነት አንቲቦዲውን መልሶ ይሠራል።